ሞተር ለመጫን ዝግ ተሳቢ፦ ለጎጃም መንገድ የትኛው ይሻላል?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ስራው ግን ጋራዥ ውስጥ ብቻ አያልቅም። ብቸና ላይ አልነሳ ያለ ሞተር አለ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የተጋጨ አለ፣ አዲስ አበባ ተገዝቶ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣም አለ። እነዚህን ሁሉ በኪራይ አይሱዙ፣ በፒክአፕ፣ በክፍት ተሳቢ ሳመላልስ ቆይቼ አሁን የምጠቀመው ዝግ ተሳቢ ነው። «እኔም ላሰራ ነው፣ ምን ዓይነት ይሻለኛል?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ የማውቀውን እዚህ ልጻፈው።

ሰው ዝግ ተሳቢ ሊገዛ ወይ ሊያሰራ ሲሄድ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ ነው። ቀለሙ፣ በሩ፣ ቁመቱ። እኔ መጀመሪያ የማየው ከስር ነው። ባዶውን ስንት ይመዝናል? ፍሬን አለው? ሞተሩ የሚታሰርበት ብረት ከምን ጋር ተያይዟል? ሳጥን ዝናብና ሌባ ይከለክላል እንጂ ሞተር አይይዝም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ የምትፈልጉት የሚይዝ ነገር ነው።

ለመሆኑ ዝግ ያስፈልጋችኋል?

በዓመት አንዴ ሁለቴ አንድ ሞተር የምታንቀሳቅሱ ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ፒክአፕ ይበቃችኋል። ቦክሰር የሚባለው የስራ ሞተር ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ደብል ካብ ሃይሉክስ ላይ የኋላ በሩ ተከፍቶ ይጫናል፣ ሲንግል ካብ ከሆነ በሩም ይዘጋል። ሁለት ሞተር ጎን ለጎን ማድረግ ግን መከራ ነው፣ መሪዎቻቸው ይጋጫሉ።

የኪራይ አይሱዙ ርካሽ ይመስላል። ችግሩ ሞተራችሁ ከሌላ ሰው ጭነት ጋር መሄዱ ነው፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጋርም ከሲሚንቶም ጋር። አልጋው ከፍ ያለ ስለሆነ አራት ሰው ተሸክሞ ነው የሚያወጣው፤ ዝቅ ብሎ የሚታሰርበት ቀለበትም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። አንድ ጊዜ ሁለት አዳዲስ ሞተር ከአዲስ አበባ በአይሱዙ አስመጣሁ። ጫኞቹ በናይለን ገመድና በከመነዳሪ ቁራጭ ነበር ያሰሩት። ከመነዳሪ ይለጠጣል፣ በየኮርባው ትንሽ ትንሽ እያለ ይላላል። ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ሸራውን ገልጬ ሳይ አንደኛው ሌላኛው ላይ ተኝቷል፤ የፍሪሲዮን እጀታው ከስሩ ተሰብሯል፣ ታንከሩ ላይ የጣት ሙሉ ጉድጓድ ገብቷል። ደንበኛዬ አዲስ ሞተር ብሎ ከፍሎ ያንን ማየቱ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ክፍት ተሳቢ ላይ ደግሞ ከእጅ ይሻላል ዶማ ነው ነገሩ። ለሁለት ሞተር የሚሆን ክፍት ተሳቢ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ ነፋስ በመሃሉ ያልፋል፣ መኪናው አይለፋም። የምትጭኑት የተበላሸ፣ ጭቃ የለመደ የስራ ሞተር ብቻ ከሆነ በእርግጠኝነት ክፍቱን ውሰዱ እላለሁ። ለአዲስ ሞተር ግን አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም የኛን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሸራ ይሸፍነዋል እንዳትሉ፣ ሸራ በነፋስ እየተርገበገበ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚፍቀው። የመኪናው የኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃና ጠጠርም አለ። ቡሬ ወይ ዳንግላ ላይ መሽቶባችሁ ካደራችሁ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮ ጥላችሁ ነው የምታድሩት።

ስለዚህ ዝግ ተሳቢ የሚገባው ሞተር ለሚሸጥ፣ መሳሪያ ይዞ ለሚዞር ጠጋኝ፣ የብዙ ሞተር ጥገና ለያዘ ድርጅት፣ መንገድ ላይ ለሚያድር ሰው ነው።

ክብደቱን አስልታችሁ ተነሱ

ሳጥኑን ያሰራልኝ ባለሙያ ትልቅ ሰው ነው፣ እጁ የተባረከ ብየዳ ሰሪ። «ጋሼ፣ ላሜራው አንድ ሚሊ ይሁንልኝ» ስለው «ልጄ፣ ቀጭን ላሜራ ምን ያደርግልሃል? ባለ ሁለት ሚሊውን አርገው፣ ለልጅህ ይተርፋል» አለኝ። በቅንነት ነው ያለው። ግን አብረን ተቀምጠን አሰላነው።

ወርዱ 1.8፣ ርዝመቱ 3፣ ቁመቱ 1.7 ሜትር የሆነ ሳጥን ጎኖቹ፣ ፊትና ኋላው፣ ጣራው ሲደመር 22 ካሬ ሜትር ገደማ ላሜራ ይበላል። አንድ ሚሊ ብረት በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ሚሊ 170 ኪሎ ገደማ፣ በሁለት ሚሊ 340 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ 170 ኪሎ ነው። አንድ ቦክሰር ወደ 120 ኪሎ ይመዝናል፣ እንግዲህ አንድ ሞተር ከነትርፉ በባዶ መጎተት ማለት ነው። ጋሼም ሲያየው «እንዲህ ከሆነስ» ብሎ ተስማማ። አንድ ሚሊው በብየዳ ቶሎ ስለሚበሳ ከቱቦላሬው ጋር በሪቬት አያያዘው፣ በየክፍተቱ ማሸጊያ ቀባበት። እስካሁን ጠብታ ውሃ አላስገባም።

አቅም ካላችሁ አሉሚኒየም ይሻላል። ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፣ አይዝግም። ነገር ግን ሲቀደድ እዚህ አካባቢ አሉሚኒየም በደንብ የሚበይድ ማግኘት ያስቸግራል፤ በሪቬት የሚጠገን እንዲሆን አስቡበት። ጥንካሬውን ከታች አድርጉት፣ ሻንሲው ላይ። ሳጥኑ ይቅለል።

መጠኑስ? ለሁለት ሞተር ወርድ 1.5፣ ርዝመት 2.5 ሜትር ይበቃል፣ አንደኛውን ትንሽ ወደፊት ሌላኛውን ትንሽ ወደኋላ ካደረጋችሁት መሪዎቻቸው አይነካኩም። ለሦስት ከላይ ያልኩት 1.8 በ3 ይሻላል። ከዚያ በላይ «ለወደፊቱ» እያላችሁ አታስረዝሙ፣ ባዶ ቦታ ካለ ይጫናልና። ቁመቱ ከመኪናችሁ ጣራ ብዙ ባይበልጥ ደግ ነው። ነፋስ የሚመታው ያ ትርፉ ነው፣ ነዳጁንም የሚበላው እሱ ነው። ደጀንም ደብረ ማርቆስም ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ቱርቦ የሌለው መኪና ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ አስር በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል። እኛ አገር ሩብ የሚሆነው ጉልበት ገና ሳትነሱ ሄዷል ማለት ነው። ይህን ይዛችሁ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን አቀበቱን ስትወጡ እያንዳንዷ ኪሎ ትታወቃችኋለች።

ፍሬን ያለው ወይስ የሌለው?

እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሃይሉክስን ጨምሮ የብዙ ፒክአፖች መመሪያ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። አሁን ደምሩት። ሳጥንና ሻንሲ 500 ኪሎ ቢሆን፣ ሦስት ሞተር 360 ኪሎ፣ መሳሪያና መለዋወጫ 50። 900 አለፈ። ሦስት ሞተር የሚይዝ ዝግ ተሳቢ ያለ ፍሬን አይታሰብም። ሁለት ሞተር ብቻ የሚይዝ ቀለል ያለ ከሆነ ከ750 በታች ሊገባ ይችላል። ያም ቢሆን የምትመላለሱት ማርቆስና ባሕር ዳር መካከል ከሆነ ነው እንጂ ዓባይን የምትሻገሩ ከሆነ አስገቡለት። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዳችሁ መልሳችሁ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። ፍሬን የሌለው ተሳቢ በቁልቁለት መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል፣ የመኪናው ፍሬን የሁለቱንም ክብደት ብቻውን ይሸከማል፣ ከዚያ ይግላል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይሰምጣል።

ፍሬኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተሳቢው ወደፊት ሲገፋ በራሱ የሚይዘው ነው። ቀላል ነው፣ ሽቦ አይፈልግም፣ ጠጋኝ ሁሉ ይገባዋል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ተሳቢው እየገፋ ስለሚቆይ ፍሬኑም ተይዞ ይቆያል፣ ይግላል። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ ከጋቢና የምታዙት ነው። ለዓባይ በረሃ ይሄኛው ይሻላል፣ ስትፈልጉ ይይዛል ስትፈልጉ ይለቃል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ መለዋወጫውም እዚህ በቀላሉ አይገኝም። እኔ ያለኝ የመጀመሪያው ነው። ቁልቁለቱን ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ፣ በሁለተኛ፣ እወርዳለሁ፣ መሃል ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ሳገኝ ቆሜ አሳርፈዋለሁ። እጄን ወደ ጎማው መሃል ጠጋ አደርጋለሁ፣ አልነካውም፤ ሙቀቱ ከሩቁ ፊቴን ከመታኝ ሩብ ሰዓት እቆያለሁ።

አንድ አክስል፣ ሁለት አክስል፣ ባሌስትራ

እስከ ሦስት ትንንሽ ሞተር አንድ አክስል ይበቃል። ሁለት አክስል ይረጋጋል፣ አንድ ጎማ ቢፈነዳ አይገለብጣችሁም፣ ግን አራት ጎማ፣ አራት ኩሽኔታ፣ ተጨማሪ ክብደት ነው። አራትና ከዚያ በላይ፣ ወይም 200 ኪሎ የሚያልፉ ትልልቅ ሞተሮች ከሆኑ ነው ወደ ሁለት የምትሄዱት።

ከውጭ የሚመጡት አንዳንዶቹ ባሌስትራ የላቸውም፣ አክስሉ ውስጥ ባለ ጎማ ነው የሚነጥሩት። ለስላሳ ነው፣ ደስ ይላል። ጎማው ሲያልቅ ግን አክስሉን በሙሉ ነው የምትቀይሩት። ባሌስትራ ቡሬም እንጅባራም ሞጣም ይሰራል። እኔ ባሌስትራ እላለሁ።

ጎማው ከመኪናችሁ ጎማ ጋር አንድ ዓይነት፣ ቡሎኑም አንድ ዓይነት ቢሆን ትርፍ ጎማ አንድ ይበቃችኋል። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት የቆመ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቃል።

በሩ

ወደ ታች ተዘርግቶ መወጣጫ የሚሆን በር ወይስ ሁለት ተካፋች በር ከጣውላ ጋር? ብቻውን የሚሰራ ሰው መወጣጫውን ይምረጥ። ቦክሰርን አንድ ሰው በመጀመሪያ ማርሽ ሞተሩን አስነስቶ፣ ከጎኑ እየሄደ፣ በቀስታ ያስገባዋል። የአልጋው ከፍታ 50 ሳንቲ ከሆነ መወጣጫው ቢያንስ 1.5 ሜትር ይርዘም፣ ካጠረ ዳገት ይሆንና የሞተሩ ሆድ ጠርዙን ይገጫል። ላዩ ላይ ቀጫጭን ብረት አስበይዱበት፣ ክረምት ላይ ጭቃ ያለበት ጫማ ያንሸራትታል። ሁለት ተካፋች በር ቀላል ነው፣ አቧራም የተሻለ ይከለክላል፤ ጣውላዋን ግን መርሳት አለ፣ ከሞተሩ ስር መንሸራተቷም አለ።

ወለሉና ማሰሪያው

ስለዚህ ነገር ብዙ ብናገር ቅር አይበላችሁ፣ ትልቁ ጉዳይ እዚህ ነው።

ወለሉ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይሁን፣ ከስሩ በየ40 ሳንቲው ብረት ይለፍበት። የማሰሪያ ቀለበቶቹ ከዚያ ብረት ጋር በቡሎን ይያዙ። ከእንጨቱ ጋር ብቻ አይደለም። እኔ መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ ሁለቱን ቀለበት እንጨቱ ላይ በብሎን ብቻ አሰርኳቸው። ከሞጣ ስመለስ ከሳጥኑ ውስጥ ድምፅ ሰምቼ ቆምኩ። በሩን ስከፍት አንደኛው ቀለበት ከነብሎኑ ተነቅሎ ቀበቶው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጥርሱ ላይ የኮምፔንሳቶ ጭረት እንደ ጭድ ተጠምጥሞበታል። ሞተሩን የያዙት የቀሩት ቀበቶዎች ብቻ ነበሩ።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። የፊት ጎማው መያዣ ውስጥ ይግባ፣ መያዣው ወለሉ ላይ የታሰረ ይሁን። ሞተሩ በጎን ማቆሚያው አይቁም፣ በሁለቱም ጎማው ቀጥ ይበል። ባለመወጠሪያ ቀበቶ ለአንድ ሞተር አራት፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ። የፊቶቹን መሪው ጫፍ ላይ አታስሩ፣ መሪው ይጣመማል፤ ከመሪው በታች ሾኮቹን የሚያገናኘው ብረት ላይ እሰሩ። የፊቶቹ ወደ ውጭና ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ውጭና ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ለአራቱም ማዕዘን እንደ ድንኳን ገመድ። ከዚያ ወጥሩ። የፊት ሾኩ ግማሽ መንገድ ሲወርድ አቁሙ። እስከ መጨረሻው ካወረዳችሁት መኪናው በነጠረ ቁጥር ኦይልሲሉ፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ ይጨነቃል፣ ሁለት ሦስት ቀን እንደዚያ ከቆየ በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የዘይት ቀለበት ታያላችሁ። እግር ተወርች ማሰር ሲባል የሚላወስ እንዳይኖር ነው እንጂ እስኪያቃስት አይደለም። 20 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ እንደገና ወጥሩ። ሁልጊዜ ይላላል።

አየርና አቧራ

ዝግ ሳጥን ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፣ በበሩ ስንጥቅ አቧራ ይስባል። በሩን በላስቲክ ከማሸግ ጋር ከፊት በኩል ከፍ ብሎ ትንሽ የአየር ማስገቢያ አድርጉ፤ ከፊት የሚገባው አየር ውስጡን ስለሚሞላው አቧራው አይገባም።

ማስገቢያው ለሌላ ነገርም ያስፈልጋል፣ ለቤንዚን። ድሮ ሳጥኔ ምንም ቀዳዳ አልነበረውም። አንድ የበጋ ቀን ዓባይን ተሻግሬ ደጀን ላይ በሩን ስከፍት የቤንዚን ሽታ አንቆ ሊይዘኝ ደረሰ። የአንዱን ሞተር የቤንዚን መዝጊያ ሳልዘጋ ነበር የጫንኩት፣ ከካርቡሬተሩ ሲንጠባጠብ መጥቷል። በዚያ በረሃ ሙቀት፣ በታሸገ ሳጥን ውስጥ፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃ ነበር። አሁን ከፊት አንድ፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ የቤንዚን ጢስ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ታንከሩን ከግማሽ በታች አድርጉ፣ መዝጊያውን ዝጉ። እርጥብ ሞተር አስገብታችሁም አትተዉት፣ ሰንሰለቱ በሁለት ቀን ቀይ ይሆናል።

ከውጭ የመጣ ወይስ እዚህ የተሰራ?

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ካገኛችሁ ማያያዣውን ለኩ። የአሜሪካው ብዙ ጊዜ ለ50.8 ሚሊ ኳስ የተሰራ ነው፣ የአውሮፓው ለ50። በዓይን አንድ ይመስላሉ። ግን የአሜሪካው ማያያዣ የአውሮፓ ኳስ ላይ ሲቀመጥ ይላላል፣ የአውሮፓው ደግሞ የአሜሪካው ላይ በደንብ ላይዘጋ ይችላል። ኳሱንም ማያያዣውንም አንድ ዓይነት አድርጉ፣ የደህንነት ሰንሰለቱን ከስር አመሳቅላችሁ እሰሩ። ኩሽኔታውንም ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አሽከርክሩት፣ ካንኮራኮረ አልቋል።

እዚህ የተሰራው ስትፈልጉት የሚጠገን ነው፣ ለመኪናችሁ ልክ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል። ድካሙ አክስሉ ላይ ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ አክስል ሲገጥሙላችሁ ቀጥ ያለ መሆኑን በሜትር ለኩ፣ ከማያያዣው ጫፍ እስከ ግራና ቀኝ ጎማ እኩል ካልሆነ ተሳቢው እንደ ሸርጣን በጎን ይሄዳል፣ ጎማ ይበላል። ብየዳው ሳይጀመር ሰሌዳውንና ፈቃዱን ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ፣ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ አስተካክሉ ከመባል ያድናል። መብራት ደግሞ አትርሱ። ሳጥኑ የመኪናውን የኋላ መብራት በሙሉ ይጋርዳል። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ አንጸባራቂ ከኋላም ከጎንም ይኑረው።

እኔ ብጠየቅ ለአንድ ሞተር ሻጭ ወይ ጠጋኝ እዚህ የተሰራ፣ አንድ አክስል፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን ያለው፣ ሁለት ሞተር የሚይዝ፣ መወጣጫ በር ያለው እላለሁ። ሦስተኛውን ሞተር ፒክአፑ ላይ ጫኑት።

ከተረከባችሁት በኋላ ባዶውን አትፈትኑት፣ ሁለት ሞተር ጭናችሁ እህል ቤት ውሰዱት። ተሳቢውን ከመኪናው ፈትታችሁ አፍንጫውን የጤፍ ሚዛኑ ላይ አሳርፉት። ጠቅላላው 600 ኪሎ ከሆነ አፍንጫው ከ60 እስከ 90 ኪሎ ማንበብ አለበት፣ ከአስር እስከ አስራ አምስት በመቶ ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ ጭነቱ ወደኋላ በዝቷል፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል። ሞተሮቹን 20 ሳንቲ ወደፊት ገፍታችሁ እንደገና መዝኑ። ልክ ሲመጣ ወለሉ ላይ የጎማ መያዣዎቹ ያሉበትን በቀለም ምልክት አድርጉና እዚያው በቡሎን እሰሯቸው፣ ከዚያ ወደ ደጀን ሂዱና ተመለሱ።